በሩን አይቼ የመረጥኩት ባንክ

እታለም፣ የእናቴ ልጅ፣

ከሁሉ በፊት እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ያ ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ስትነሺ ግድግዳ ትይዣለሽ? የልጆችሽ አባትስ እንዴት ነው? ሳሉ ተሻለው? መቼም እሱ መድኃኒት ዋጥ ሲሉት እንደ ሕፃን ፊቱን ነው የሚያዞረው። ያቺ ተማሪ ልጅሽስ? ይህን የምታነብልሽ እሷ መሆኗን አውቃለሁና ፊደሌ ቢጣመም እንዳትስቅ። በመዶሻ የተለማመደ እጅ ነው የጻፈው በያት።

እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልነግርሽ ነው እንግዲህ የተቀመጥኩት። አብሮኝ የሚሠራ የአገራችን ልጅ አለ፣ አፉ ስለማያርፍ ሬዲዮ ነው የምንለው፣ እኔ ልጻፍልህ ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። በማታ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ለእህቴ ካልሆነኝ ለማን ሊሆነኝ ነው?

እንደምታውቂው የምሠራው በርና መስኮት የሚሠራበት አናጢ ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሠሪዬ ደመወዜን በፖስታ አድርጎ በእጄ ይሰጠኝ ነበር። እኔም ሰጋቱራውን ከእጄ አራግፌ እቀበለዋለሁ፣ እሱም ትከሻዬን መታ ያደርገኛል፣ ሳምንቱ በዚያ ይዘጋል። አሁን ሁላችንንም ሰብስቦ በእጅ መስጠት ተከልክሏል አለ። የመንግሥት ትእዛዝ ነው፣ ደመወዝ በባንክ ብቻ ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ የባንክ ሂሳብ ያልከፈተ ሰው ላሠራው አልችልም አለ። ይህን ሲል ዐይኑ እኔ ላይ ነበር። ሌሎቹማ ድሮ ከፍተዋል። ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ወረቀቴም አብሮ ይሄዳል፣ የተያያዘ ነው። ከዚያ ወዲያ መመለስ ነው። ወደዚያ ቤት፣ ብቻዬን። ለምን ጥዬው እንደመጣሁ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሬዲዮ ከሥራ አስፈቅዶ ባንክ ሊያስመርጠኝ ይዞኝ ወጣ። መጀመሪያ የወሰደኝ ባንክ በሩ መስታወት ነው፣ ገና ሳልደርስበት በራሱ ወለል ብሎ ተከፈተ። መለስ አልኩ፣ ተዘጋ። ጠጋ አልኩ፣ ተከፈተ። ማነህ ከየት ነህ ሳይል ለመጣ ለሄደው ሁሉ የሚከፈት በር ያለው ቤት ሰው ላቡን ያስቀምጥበታል? አልገባም አልኩ። እሺ ብሎ ደግሞ ስልኩን አወጣና የኔ ባንክ ይኸውልህ አለኝ። ቤት የለውም፣ በር የለውም፣ ስልክ ውስጥ ነው የሚኖረው። ፊትህን ታሳየዋለህ፣ አለቀ፣ ብዙም አይጠይቅህም ይላል። ፊቴን ለማን እንደማሳይ ሳላውቅ? እሱንም እምቢ አልኩ።

በመጨረሻ ከጥግ ላይ አንድ አሮጌ ባንክ አየሁ። እታለም፣ በሩን ብታይው። ወፍራም የእንጨት በር፣ ምስማር ሳይነካው እንጨት በእንጨት ተጋጥሞ የቆመ፣ ማጠፊያው ከነሐስ፣ ገፋ ሳደርገው ሲጥ እንኳ አላለም። የሠራው ሰውዬ ድሮ ሞቷል፣ በሩ ግን እስከ ዛሬ አልወረደም። ቆሜ በእጄ ስዳብሰው ጥበቃው በጥርጣሬ ጠጋ አለ። ሬዲዮ በቋንቋቸው አንድ ነገር አለው፣ ሌባ አይደለም አናጢ ነው ያለው መሰለኝ፣ ተሳሳቁብኝ። እዚህ ነው አልኩ። ሬዲዮም ጋሼ፣ በር ነው ወይስ ባንክ የምንመርጠው ብሎ ቀለደብኝ። እነዚህ ሰዎች ጥብቅ ናቸው፣ ብዙ ወረቀት ይጠይቃሉ፣ ይቅርብን አለ። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩት። በሩን እንዲህ አድርጎ ያሠራ ሰው ገንዘቤንም እንዲሁ ነው የሚጠብቀው አልኩ። እንግዲህ የዛሬው ጣጣ ሁሉ በዚያ በር ነው የገባው።

ውስጥ ተራ ይዘን ተቀመጥን። ቆይተው የአባታችንን ስም ጠሩ። እኔ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ ሬዲዮ ነው በክርኑ የጎሰመኝ። ለካ እዚህ አገር የሰው ስሙ የአባቱ ነው። አባታችን በሕይወቱ ባንክ ረግጦ አያውቅ፣ እዚህ ድረስ መጥቶ ተጠራ።

የምታስተናግደን ሴትዮ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ትሕትናዋ የሚያሳፍር ሰው ናት። የመኖሪያ ወረቀቴን አገላበጠችና አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አኖረች። ባለትዳር ይላል። ባለትዳር ሰው በዚህ ባንክ ሂሳብ ሲከፍት ባለቤቱም ትፈርማለች፣ ደንባችን ነው አለች። ሬዲዮ ፈገግ ብሎ ተረጎመልኝ። ለሱ ቀላል ነገር ነዋ።

“ጋሼ፣ ቅጹን ለእትዬ እንላከውና ፈርመው ይመልሱልን” አለኝ።

ባለትዳር የሚለው ነገር ከየት መጣ ትይኝ ይሆናል። ያኔ እንደመጣሁ ወረቀቱን የሞላልኝ ሰውዬ ሚስት አለህ ወይ አለኝ፣ አለችኝ አልኩት። ዋሸህ አትበይኝ። የት ነው ያለችው ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወይራው ሥር እለው ነበር። መሬቱ ገና አልደረቀም እኮ ያኔ። የለችም የሚለውን ቃል ለማላውቀው ሰው፣ በመስኮት ቀዳዳ፣ እንዴት አድርጌ ላውጣው?

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንዲሁ ቀጠለ። ሬዲዮ ሰላምታ ሲጀምር እትዬ ደህና ናቸው ይለኛል። ደህና ናት እላለሁ። ከእንግዲህስ ምን ያማታል? አንድ ጊዜ ደግሞ ለእትዬ ላክላቸው ብሎ አበባ ያለበት ሻርፕ ገዝቶ ሰጠኝ። አመሰገንኩት። ሻርፑ እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ ተጣጥፎ አለ።

ቅጹን ተቀብዬ ወጣሁ። ኪሴ ውስጥ ይዤው ሰነበትኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺ በሷ ፈንታ እንድትፈርሚልኝ ላስቸግርሽ አስቤ ነበር። መቼም እሷ የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነበር፣ ማን ያውቃል ብዬ። ግን የዚያች ጣት አሻራ ትዝ አለኝ። ሽንኩርት ስትልጥ ቢላዋ የቆረጣት ቦታ ላይ ነጭ መስመር ነበረው፣ ስትፈርም ሁልጊዜ መስመሩ ይወጣል። የሷን ጣት ማንም አይተካውም። ተውኩት።

ሬዲዮ ግን ቅጹ ተላከ ወይ፣ ፈረሙ ወይ እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣኝ። አንድ ቀን በር በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግን ሳለ ደግሞ ጠየቀኝ።

“ሞታለች እኮ” አልኩት።

“መቼ ጋሼ?”

“ከመምጣቴ በፊት።”

ሬዲዮ ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር፣ ቢቀየምም እውነት አለው። እሱ ግን ምን ሊያደርግ ኖሯል? እሑድ እለት በሬ ተንኳኳ፣ ብከፍት የአገራችን ልጆች በሙሉ ቆመዋል። ለቅሶ ሊደርሱኝ ነው የመጡት። ለኔ የቆየ ነው፣ ለነሱ ግን ትናንት የሞተች ናት። ክፍሌን አታውቂያት፣ እጅሽን ብትዘረጊ ሁለቱን ግድግዳ ትነኪያለሽ። አልጋዬ ላይ ተቀመጡ፣ የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ ተቀመጡ፣ የተረፈው ደረጃው ላይ ቀረ። አከራዬ ምን ሆናችሁ ብላ መጣች፣ ሲነግሯት እሷም ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ልቆጣ አስቤ ነበር። የምን ጉድ ነው፣ የኔን ጉዳይ ማን ጠየቃችሁ ልል ነበር።

ታስታውሺያለሽ፣ እዚያ አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ጓሮ ሣጥኗን ስልግ ነበር። ንፋስ የሚያስገባ ክፍተት እንዳይኖረው እያልኩ ደግሜ ደጋግሜ ላግሁት፣ አንቺ ይበቃል ብለሽ መላጊያውን ከእጄ እስክትወስጂብኝ ድረስ። ለካ ያኔ የቀረው እዚህ ሊያገኘኝ ኖሯል። በሰው ፊት፣ በሰው አገር፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅኩ። የሚይዘኝ ሰው ባይኖር ኖሮ ከአልጋው ወድቄ ነበር።

በማግሥቱ ሬዲዮና እኔ ተመልሰን ባንኩ ሄድን። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አዘነችልኝ። ከዚያ የሞተችበትን ወረቀት አምጣ አለችኝ። ምን ወረቀት? ሰፈሩ ሁሉ ነው የቀበራት፣ ድንኳኑን እድሩ ነው የተከለው፣ ሞታለች ወይ ብሎ ወረቀት የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሬዲዮን፣ ሣጥኗን የሠራሁት እኔ ነኝ በላት አልኩት። ተረጎመላት። ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች፣ ቀና ስትል ግን ያው ወረቀቱን ነው ያለችው። ምን ታድርግ፣ ከበላይዋ አለቃ አለ።

ባለ መስታወት በሩ ባንክም ሄደን ያንኑ ወረቀት ነው የጠየቀን። ያንን ስልክ ውስጥ ያለውን ባንክም ሞክረናል፣ ኩራቴን ውጬ። ፊትህን ወደ ቀኝ አዙር አለኝ፣ አዞርኩ። ዐይንህን ጨፍነህ ግለጥ አለኝ፣ ጨፍኜ ገለጥኩ። በመጨረሻ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሰው አንተ አይደለህም ብሎ መለሰኝ። ከስልክ ጋር ምን እከራከራለሁ? አሠሪዬም እስከ ወሩ መጨረሻ እታገስሃለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን በእጄ አይደለም ብሎኛል። እኔ እንደሆንኩ በእጄ ያለ ነገር ሁሉ አልቋል። በር ብሰቅል፣ ቁልፍ ብገጥም ያ ሌላ ነው፣ ይኸኛው ግን በጉልበትም በእልህም አልከፈት አለኝ። ሰው ለምኜ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፣ ዛሬ ለምኚልኝ እያልኩሽ ነው።

ስለዚህ እታለም፣ የእድሩን ዳኛና ከቀባሪዎቹ ሁለት ሰው ይዘሽ ቀበሌ ሂጂልኝ። እንዲመሰክሩና የሞት ወረቀቷን እንዲያወጡልሽ፣ ማኅተሙም ጉልህ ይሁን። ሲጽፉ ቆመሽ አጽፊ፣ ስሟን እንዳያበላሹባት። ለአማቴ ግን እንዳይነገራት፣ ልጇን ሁለተኛ ልትቀብር ነው። ወረቀቱ በጊዜው ይድረስ አይድረስ እኔ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም፣ ፖስታ ቤቱም አያውቅም። ብቻ ላኪው።

በይ እንግዲህ፣ የልጆችሽን አባት እቀፊልኝ፣ መድኃኒቱን ይዋጥ። ተማሪዋን፣ አጎትሽ ደብዳቤ ጻፈ ብለሽ ሳሚልኝ። ትንሹን ልጅሽን፣ ያንን በር ላይ መንጠልጠል የሚወደውን፣ ማጠፊያው ይነቀላል በይልኝ። አማቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ሰው ሲገኝ ሻርፑን እልክላታለሁ። ለእድሩ ዳኛ፣ ለቀባሪዎቹ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ እንደየማዕረጋቸው ሰላምታዬን አድርሺ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስታልፊም ከወይራው ሥር ቆም በይና እሷንም ሰላም በይልኝ። ወረቀት ልታወጪባት መሆኑን ቀበሌ ከመሄድሽ በፊት አንቺ ራስሽ ንገሪያት፣ ከሰው አፍ እንዳትሰማው። እኔ ለሬዲዮ እስከነገርኩበት ቀን ድረስ አለች ስል እንደነበርም ንገሪያት። ቅጹን አልጣልኩትም። እሷ የምትፈርምበት ቦታ ባዶውን አለ።

ወንድምሽ፣ አናጢው

ከሰው አገር፣ ከአናጢ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ የካቲት ፲፬ ቀን