ለሰው ሰባት ቤት የቆጠሩት፣ ለዓሣ ያልቆጠሩት

አቶ ዓለምነህ በቀለ ከአባታቸው ከአቶ በቀለ ውቤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍቅርተማርያም ታየ በጣና ዳር፣ ደልጊ፣ በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1972 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገብተው በካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር በአትክልተኝነት ሠሩ። በ1981 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኪዳነምሕረት ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሜላትንና ናሆምን ወልደዋል።

በካርቱም የእኛ ሰው ልጁን ሲድር ሰባት ቤት የሚያስቆጥረው እሳቸውን ነበር። ዝምድና ካገኙ ፊት አይተው አያደሉም፤ ድንኳን የተጣለለትን ሰርግ ሳይቀር አስቀርተዋል።

በ1999 ዓ.ም. በሰሜን ካርቱም፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ወንዝ ዳር መሬት ተከራይተው የዓሣ ኩሬ ቆፈሩ። ቆሮሶ ከሚባሉት ዓሦች ግዙፎቹን፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት፣ መርጠው አረቡ፤ ከእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ብቻ እያረቡ ዓመታት አለፉ። ጎረቤታቸውና የስደት ጓደኛቸው አቶ ጥላዬ ግን በየጊዜው ከወንዙ አዲስ ዓሣ ወደ ራሳቸው ኩሬ ይጨምሩ ነበር። ለአቶ ዓለምነህም ቢያመጡላቸው፣ «ልጆቼን ለወንዝ ዱርዬ አልድርም» ብለው መለሱ።

ዓሦቹ እያነሱ፣ ጀርባቸውም እየጎበጠ ሄደ። በ2011 ዓ.ም. በሽታ ገብቶ ጠራርጎ ጨረሳቸው። የአቶ ጥላዬ ብዙዎቹ ተረፉ። አቶ ዓለምነህ በዕድሩ ፊት «ውሃዬን መርዞብኛል» አሉ፤ ለፖሊስም አመለከቱ። የአቶ ጥላዬ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማው፣ ጊዜው አልፎ ነበርና ታሰሩ።

የዓሣ ባለሙያዋ ዶክተር ፋሪሃ ውሃውን መርምራ መርዝ አላገኘችም። የአቶ ዓለምነህ ዓሦች የአንድ እናትና አባት ዘር በመሆናቸው አንዱን የገደለው ሁሉንም እንደገደለ፣ የአቶ ጥላዬ ግን ዘራቸው የተቀላቀለ ስለሆነ በሽታውን የሚችሉ እንዳልጠፉ አስረዳቻቸው።

አቶ ዓለምነህ በዚያው ቀን ክሳቸውን አንሥተው፣ የኢቃማውንም ቅጣት ከፍለው እስር ቤቱ በር ላይ ቆሙ። አቶ ጥላዬ ሲወጡ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የስንቱን ሰርግ አፍርሰህ እኅትና ወንድም ስታጋባ ኖርክ? ያላ፣ ከፊቴ ዞር በል!» ብለዋቸው አለፉ። ሽማግሌ ቢላክም አልታረቁም።

ከዚያ ወዲህ አቶ ዓለምነህ ሰባት ቤት ቆጥረው አያውቁም። ሰርግ ሲጠሩም በር አጠገብ ይቀመጡ ነበር።

በስኳር ሕመም ሲረዱ ቆይተው ጥር 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ዐረፉ። ይህ ጥፋታቸው በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ የተናዘዙት ራሳቸው ናቸው።

በሐዘን የቀሩት ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ወንድማቸው አቶ ጥላዬ ናቸው። ሰባት ቤት ቢቆጠር በሥጋ አይገናኙም፤ ኑዛዜውን ሰምተው ትናንት የመጡትና ወንድም ተብለው እንዲጻፉ የጠየቁት ራሳቸው አቶ ጥላዬ ናቸው።

ጥፋቷን በሰው ፊት ያልሸሸገችውን ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በምሕረቱ ይቀበላት።