ለኮረብታው ገና አይፈርሙ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ሀሰኖ፦

የጌታ ሰላም ከአንቱና ከቤቱ ሁሉ ጋር ይሁን። ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎት? እማዬስ፣ ሳሉ ለቀቃት? ታናናሾቼ አዶናይና ትህትናስ ደህና ናቸው? ከብቶቹስ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም እንዳልል ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

የኮረብታው ጉዳይ ነው። ሽማግሌዎቹ ጥቅምት ሃያ አራት የመጨረሻውን ውል ሊፈርሙ መሆኑን አዶናይ ነግሮኛል። ሦስቴ ደውዬ ሦስቴም ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ባለፈው ፋሲካ ስመጣ፣ ኮረብታው ላይ ዛፍ እንትከል ብለው የመጡት የድርጅት ሰዎች የተዉትን ወረቀት እንዳነብ በሽማግሌዎቹ ፊት አቆማችሁኝ። የሀሰኖ ልጅ ያንብብልን ሲሉ ምን ያህል ደስ እንዳለዎት አይቻለሁ። ወረቀቱ አሥራ አንድ ገጽ ነበር። እስከ አራተኛው ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ አማርኛው ራሱ አማርኛ አልመስል አለኝ። አልገባኝም ማለት አፈርኩ። ችግኝ ይተከላል፣ ትምህርት ቤቱ ይታደሳል፣ ጥሩ ነው ብዬ አጠፍኩት። አንቱም አምነውኝ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ፈረሙ።

እንደሚያውቁት እዚህ ሰበታ የምሠራው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ነው። ከሱሉልታ በአይሱዙ የሚመጣውን ባሕር ዛፍ ስማግድ ስለምውል ስለ ጭስ የሚያስተምረኝ የለም። ወረቀቱን በስልኬ አንስቼው ስለነበር የፋብሪካው ቢሮ ለምትሠራው ለሄመን አሳየኋትና ፍቺውን ነገረችኝ። ለሠላሳ ዓመት ኮረብታው ላይ ማጭድ አይገባም ይላል። ዛፎቹ ከአየሩ ላይ ጭስ በመሰብሰባቸው የሚገኘው ምስክር ወረቀት ባሕር ማዶ ላለ ኩባንያ ይሸጣል፤ ኩባንያውም እሱን ይዞ በፋብሪካው ማጨሱን ይቀጥላል። እሱ እየበላ እኛ እንጦምለት ማለት ነው።

አባባ፣ የዚያ ኮረብታ ሣር እዚህም ይሸተኛል። ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ ይቆይና ለመስቀል ሲከፈት፣ ባል የሞተባቸውና አቅመ ደካሞች ቀድመው ይገቡ ነበር። በሬ ያለው እስከ ቀትር ከሥር ቆሞ ይጠብቃል። እትዬ ብዙነሽ ባሏ በሞተ ዓመት ብቻዋን እየዘመረች ስታጭድ፣ እኛ ለምን መጨረሻ ሆንን ብዬ አልቅሼብዎት ነበር። ብዙ ያለው ቀድሞ ካጨደ ለሌላው እሾህ ነው የሚተርፈው አሉኝ። ያንን ጠዋት በምንም አልለውጠውም። ሄመን እንደምትለው አገሮች ማን ቀድሞ ጭሱን ይቀንስ፣ ድርቅና ጎርፍ የጎዳውንስ ማን ይካስ እያሉ ስንት ዓመት ሲሰበሰቡ ተስማምተው አልጨረሱም። የእኛ ሽማግሌዎች ቢጠየቁ ብዙ ያጨሰው ይቅደም ብለው ከምሳ በፊት በጨረሱት።

ዛፍ መትከሉን አልጠላሁም፤ ዝናቡ እንዴት እንደከዳን አንቱ ያውቁታል። ጎርፍ በሸረሸረው በኩል ይተከል። ግን ሣር የሚታጨድበት ቀን በውሉ ይጻፍ፣ ዓመቱም ይቀነስ፣ ጥቅሙም ለማን እንደሆነ በግልጽ ይነገር። ይህ ካልሆነ አይፈርሙ። አከራዬ ኦቦ ገርባ መሬታቸውን በአንድ ጣት አሻራ የለቀቁ ሰው ናቸው። ፊርማ እንደ ከብት ሲመሽ በራሱ ወደ ቤት አይመጣም ይላሉ።

ይህን ደብዳቤ ትህትና በሽማግሌዎቹ ፊት ጮክ ብላ ታንብበው። ሳይገባኝ የገባኝ መምሰሌም ይሰማ። በእኔ ምክንያት አንገትዎን እንደሚደፉ አውቃለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። አዶናይን ሰላም ይበሉልኝ፤ በሬዎቹን አደራ። ትህትናንም እንዲሁ፤ ስታነብ ያልገባት ቃል ካለ ቆማ ትጠይቅ። በመጀመሪያው ፊርማ ምክንያት ኮረብታው ዘንድሮ ለመስቀል ስላልተከፈተ፣ እትዬ ብዙነሽ የምታበላት ሣር አጥታ ላሟን ልትሸጥ ነው አሉ። እስከ ሃያ አራት ድረስ እንድትታገስ ይንገሩልኝ፤ ያሳሳትኳት እኔ እንደሆንኩም ጭምር።

ልጅዎ ዮአብ ሀሰኖ
ሰበታ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.