በካርን ሞር ላይ የወረደው ጉም

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የግላስጎው ዝናብ እንዴት ይዞሻል? ያ ባለ ብስክሌት ሰውዬሽስ? አሁንም “ጓደኛዬ ነው” እያልሽ ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ምግብ አሳድዳለሁ፣ ሥራ እሸሻለሁ። ውሻው ደህና ነው። አባባም ደህና ነው፤ እሱን ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

“ይሄ ልጅ ደብዳቤ መጻፍ ከመቼ ወዲህ?” ማለትሽ አይቀርም። እዚህ ሸለቆ ሞባይል እንደማይሠራ ታውቂያለሽ። የቤቱ ስልክ ወጥ ቤት ነው፤ ወጥ ቤት ደግሞ አባባ አለ። ስለዚህ ጽሕፈቴን ቻዪው። አስተማሪዎቼ አልቻሉትም፤ አንቺ ግን ሥጋዬ ነሽ።

የአባባ ኤግዚቢሽን ቅዳሜ ተከፈተ። እንደየዓመቱ በመንደሩ አዳራሽ፣ እንደየዓመቱ ወይዘሮ ኤፊ ሻይና የቅቤ ብስኩት ይዘው በር ላይ ቆመው፣ ሁለተኛ ብስኩት ያነሳውን በዓይናቸው እየገረፉ። ግማሹ ሥዕል ተራራ፣ ግማሹ የዱር ድመት፣ ሁሉም ላይ ዝናብ። ትልቁ ሸራ መድረኩ ላይ ነው የተሰቀለው። እናት ድመት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ያ ወፍራም ባለቀለበት ጅራቷን እግሯ ላይ ጠቅልላ፣ ግልገሎቿ ከጎሬው አፍ ብቅ ብለው። ከኋላቸው ተራራ።

እትዬ፣ ተራራው ካርን ሞር ነው፤ ድመቷ ዘንድሮ የወለደችበት ራሱ። እውነተኛው ካርን ሞር፤ እስከ ተሰነጠቀው ጫፉ፣ እስከ ፏፏቴው።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ ድመቷን በትክክል ይስልና ከኋላዋ የሌላ ሸለቆ ተራራ ይተክልባት እንደነበር ለአንቺ አልነግርሽም። “ድመት ላይ ሠዓሊ ነኝ፣ ተራራ ላይ ቀጣፊ ነኝ” ሲል ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። ግልገል ያላት ድመት የት እንዳለች እዚህ አገር ለነፍስ አባትም አይነገርም። በወዲያኛው ሸለቆ የሆነውን አልረሳሽም መቼም። ፎቶ አንሺዎች ጎሬው ደጃፍ ድንኳን ተክለው ሲያደቡ እናቲቱ ሳትመለስ ቀረች። የዱር አራዊት ጥበቃው ሙርዶ የግልገሎቹን በድን በጆንያ ነው ያወጣው።

ዓርብ ሥዕሉን ስንሰቅል ነው ያየሁት። ቀልድ መስሎኝ፣ “አባባ፣ ዘንድሮ ንስሐ ገባህ እንዴ? ተራራው እውነት ተናገረ!” አልኩት።

“ተራራ ደግሞ መቼ ዋሽቶ ያውቃል? ይልቅ መዶሻውን አቀብለኝ፣ አንተ ለፍላፊ” አለኝ።

እስኪስቅ ጠበቅሁ። ሚስማሩን መትቶ ጨረሰ፤ አልሳቀም።

እንግዲህ አትጩኺብኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ወይዘሮ ኤፊ ውሃ ሳይጥዱ፣ የአባባን ነጭና ግራጫ ቀለም፣ ያንን ሰፊውን ብሩሽ ይዤ በጓሮ በር ገባሁ። ሥዕል የማውቀው ብሩሽ በማጠብ ነው። መሰላል ላይ ወጥቼ ካርን ሞርን ከአናቱ እስከ ወገቡ በጉም አለበስኩት። እንዳልያዝ ስጣደፍ ጊዜ ጉሙ ይበልጥ ጉም መሰለ፤ ፍርሃት ጥሩ ሠዓሊ ነው።

የዘይት ቀለም ግን ቶሎ አይደርቅም! ቀኑን ሙሉ ሥዕሉ ሥር እንደ ዘበኛ ቆሜ ዋልኩ። ወይዘሮ ኤፊ መጥተው አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉና፣ “የቀለም ማቅጠኛ ይሸተኛል” አሉ። “ሽቶዬ ነው፣ ሴቶች ይወዱታል” አልኳቸው። “እስካሁን ሳታገባ የቀረኸው ለዚህ ነዋ!” ብለው ሄዱ። ነጭ ቀለም የነካውን እጅጌዬን ግን አይተዋል። አውቀው ያለፉኝ ይመስለኛል።

ከዚያ አባባ መጣ። ከረባቱን አስሮ፣ ጢሙን ተላጭቶ። እትዬ፣ ይሄ ሰው እኮ በልጅነታችን ሥዕሉ ላይ አንድ የድመት ጢም ጨምሬበት ከበር ላይ ሆኖ ያወቀ ሰው ነው። ሥዕሉ ፊት ቆመ። ቆመ። በጥፊ ይለኛል ብዬ ጉንጬን አዘጋጀሁ። እውነቴን ነው፣ ቢለኝ ደስታዬ ነበር።

ዞር ብሎ ለእንግዶቹ፣ “ይሄ ጉም እኮ መከራዬን ነው ያበላኝ! ስንቴ ፍቄ ስንቴ ሠራሁት መሰላችሁ” አላቸው።

አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

ከእንግዶቹ መሐል ከኤድንብራ የመጣ ባለካሜራ ነበረ፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ነገር የአውራ በግ ራስ ያህላል። “ድንቅ ነው። ግን ከጉሙ ጀርባ ያለው የትኛው ተራራ ነው?” ብሎ ጠየቀ። አባባ ደስ ብሎት አፉን ከፈተ። ሊነግረው ነው! አፉ ግን ተከፍቶ ቀረ። ጣቱ ወደ ሥዕሉ ተዘርግቶ፣ እርጥቡን ጉም ሊነካው ምንም አልቀረው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“አንተ፣ ይሄ... ማን ነበር ይሄ?”

ደጁን ከፍቶ በወጣ ቁጥር የሚያየውን ተራራ እኮ ነው!

“ክሬግ ዱ ነው አባባ” አልኩት። ከሐይቁ ማዶ ያለውን፣ ጥንቸል እንኳ የማይኖርበትን።

ፊቱ በራ። “ክሬግ ዱ! እሱ ነው!” አለ፤ መንገዱንም፣ መሻገሪያውንም፣ ድመቷን ለማየት የቱ ድንጋይ ሥር መደበቅ እንደሚሻል ሳይቀር ለሰውዬው በዝርዝር ነገረው። ድሮ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ደጋግሜ አየሁት። አልቀላም።

እሑድ እሑድ ስትደውዪ ያስቅሻል፣ አውቃለሁ። እስቲ በሚቀጥለው የሚነግርሽ ቀልድ ያለፈው እሑድ የነገረሽ መሆን አለመሆኑን ልብ በዪ። ሌላ አልልም።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ “ሰኞ ክሬግ ዱ ወጥተን ግልገሎቹን እናያቸዋለን” አለኝ። እሺ አልኩት። ይኸው ለነገ የተራራ ጫማውን ቀብቶ በር ላይ አስቀምጦታል፤ ለእኔም ዳቦ ጠቅልሎልኛል። አብሬው እወጣለሁ። ሲያጣቸው ምን እንደምለው ግን አላውቅም፤ ቀልድ አልቆብኛል፣ እትዬ።

ነዪ። ጻፈልኝ ብለሽ ለአባባ አትንገሪ፤ ባለ ብስክሌቱን ላስተዋውቅ ነው በዪና ይዘሽው ነዪ፣ ይንገላታ ምስኪን። ብቻ አትቆዪ።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ጤናሽን ይስጥልኝ፤ አባባ በር ሲከፍትልሽ ስምሽን ጠርቶ ይቀበልሽ።

አስቸጋሪው ታናሽ ወንድምሽ