የእትዬ አሥር አረንጓዴዎች

ለእትዬ፣

«እኔ በበኩሌ ሞትን ነው የምመርጠው» አለ አንዱ ሐኪም፣ ሻዩን እያማሰለ። አጠገቡ የቆመችው ሐኪም ትንሽ አሰብ አድርጋ «እኔም ሞት ይሻለኛል፤ ድካም ጣጣው ብዙ ነው» አለችው። ሁለቱም ወጣቶች ናቸው፤ ጫማቸውም አዲስ ነው። ምን ገጥሟቸው ይሆን ብዬ አዘንኩና ያነሳሁትን ብስኩት መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። የሚያወሩት ስለ ጥናት መለኪያ መሆኑ የገባኝ አዳራሽ ከገባን በኋላ ነው።

እሱን አቆዪልኝና ሰላምታዬ ይቅደም። እንዴት ከረምሽ? የክንድሽ እብጠት ጎደለ ወይ? ማታ ማታ የሚያሳክክሽስ? እግርሽን ጨምድዶ የሚይዘው ነገር ተወሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ለአንቺ «ደህና ነኝ» ብሎ መጻፍ ያሳፍረኛል እንጂ ደህና ነኝ። በየቀኑ እየደወለ ደብዳቤ ምን አስጻፈው ማለትሽ አይቀርም። ስዋሽ ድምፄ እንደሚቀጥን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ታውቂያለሽ። ወረቀት ድምፅ የለውም።

ስብሰባው እንዴት ነበር ስትይኝ «ደህና ነበር» ብዬ አልፌዋለሁ። ደህና አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኩላሊት እጥበት ላይ የሚደረገው ጥናት እስከ ዛሬ እያንዳንዱ የየራሱን ሲለካ ኖሯል፤ አንዱ የደም ቁጥር፣ አንዱ የአጥንት ጥንካሬ። ማሽኑ ላይ የሚተኛውን ሰው «ላንተ የሚብስብህ የቱ ነው?» ያለው የለም። ስለዚህ ማንኛውም አጥኚ ከእንግዲህ ሳይለካ የማያልፋቸው ሦስት ነገሮች ይመረጡ፤ ሕመምተኛ፣ ቤተሰብና ሐኪም አብረው ይምረጡ ተባለ። አንቺም ተጠራሽ። ቀኑ ግን ከእጥበትሽ ማግስት ዋለ። ጠዋት ስመጣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ተኝተሻል። «አንተ ሂድልኝ» አልሽኝ። «አሥር ምልክት ይሰጡሃል አሉ። አሥሩንም ድካም ላይ። አንዷን እንዳታባክን፣ ፕሮፌሰር።» ይህችን ቀልድ ለመጨረስ ሁለት ጊዜ አርፈሻል።

ከተጠሩት አሥራ ሁለት ሕመምተኞች የመጡት አራት ናቸው። የቀሩት በስልክ ተጠይቀው ደክሟቸው እንደሆነ ተናግረዋል። ቃለ ጉባኤው ላይ «በግል ምክንያት» ተብሎ ሰፍሯል።

ግድግዳው ላይ ካርድ ተደርድሯል፤ ድካም፣ ማሳከክ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ ሕመም፣ ማሽኑ የሚገጠምበት የክንድ ደም ስር መበላሸት፣ መንገድ መሄድ መቻል፣ ዕድሜ። ዕድሜ የተባለው ሞት ነው፤ አስተባባሪዋ ነርስ ሕመምተኛ ፊት ሞት ብላ መጻፍ ከብዷት ነው። ክብ ክብ ተለጣፊ ወረቀት ታደለ። ለሐኪም ሰማያዊ፣ ለቤተሰብ ቢጫ፣ ለሕመምተኛ አረንጓዴ። በአንቺ ቦታ የተቀመጥኩ ነኝና አሥር አረንጓዴ ተሰጠኝ።

ያ ባለሻዩ ሐኪም ተነስቶ «ሞት አያሻማም፤ ሰውዬው ወይ አለ ወይ የለም። ድካምን በምን እንለካዋለን? ሁላችንም ይደክመናል እኮ» አለ። አጠገቤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሽማግሌ ነበር፤ ግንበኛ የነበረ፣ ስድስት ዓመት በማሽን የኖረ።

«የኔ ልጅ፣ አንተ ሲደክምህ ምን ታደርጋለህ?» አለው።

«እተኛለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ይለቀኛላ።»

«እኔ ደግሞ ተኝቼ ስነሳ ነው የሚጀምረኝ። የጥርስ ብሩሽ ይከብደኛል። ሚስቴ ምን ሆንክ ስትለኝ፣ ደከመኝ ብሎ መመለሱ ይደክመኛል።» ሰው ሳቀ። «ሳቁ፣ ሳቁ። አቅም ባገኝ እኔም አግዛችሁ ነበር» አለ።

ከዚያ እየተነሳችሁ ለጥፉ ተባለ። አንዱን አረንጓዴ ድካም ላይ ለጠፍኩ። ዘጠኙን ዕድሜ ላይ።

እጄ ተሳስቶ አይደለም። ባለፈው ወር ሐኪምሽን ያልሽውን አብሬሽ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። «በሳምንት ሦስቱን ቀን ሁለት አድርግልኝ። ቅዳሜዬን መልስልኝ። የሚያጥረው ይጠር።» እሱም «ሊያጥር ይችላል፣ እናቴ፤ ከወንድምዎ ጋር ይመካከሩና ይንገሩኝ» አለሽ። መኪና ውስጥ «ምን ትላለህ?» ስትይኝ «እናስብበት» አልኩሽ። ይኸው ወር ሙሉ እያሰብኩ ነው፤ ይህን ያህል ያሰበ ፈላስፋም የለ። በቅዳሜሽ ምን ልትሠሪ እንደፈለግሽ እንኳ ነግረሽኛል። «ቀና ብዬ ተቀምጬ አንድ እጅጌ ልስፋ፤ ሌላ አላማረኝም።» እጅጌና አንገትጌ እየሰፋሽ ያሳደግሽኝ ልጅ፣ አንቺን አንድ እጅጌ ነሳሁሽ።

ካርዱ ፊት ስቆም የታየኝ ጥናትም ሳይንስም አልነበረም። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ የሚዘጋበት ቤት ታየኝ። ስልሳ ሊሞላኝ ነው፤ አሁንም እትዬ ብዬ የምጠራው ሰው ከሌለ ማን እንደምሆን አላውቅም። ይህ ያንቺ ሕመም አልነበረም፤ የኔ ነው። ለእሱ ደግሞ ካርድ አልተዘጋጀም።

ቆጠራው ሲያልቅ ዕድሜ፣ የልብ ሕመምና ደም ስሩ አለፉ። ድካም በስድስት ምልክት ተበልጦ አራተኛ ወጣ። ዘጠኙን ወደ ላክሽኝ ቦታ ብወስዳቸው ኖሮ ያልፍ ነበር።

የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ነርሷ «ሽማግሌው ያሉትን ሰምተን ድካምን እንዴት እንጥላለን? እንደገና እንነጋገርበት» ብላ ነበር። ባለሻዩ ሐኪም ዕድሜ የሚለው ካርድ ላይ ጣቱን አኖረና «አረንጓዴም አለ እኮ! ዘጠኝ! ሕመምተኞቹ ራሳቸው ናቸው የሚሉት» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ከልቡ ነው የተደሰተው። ከኔ በቀር እዚያ ላይ አረንጓዴ የለጠፈ የለም። ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ሽማግሌው አረንጓዴዎቹን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «ይህን የለጠፈችው ልጆቿን ለቁም ነገር ያላደረሰች እናት ትሆናለች። አይፈረድባትም» አለኝ። ቀጥሎም ስላንቺ ጠየቀኝ። ደክሟት ቀረች አልኩት። «እግዜር ያኑርልህ» አለኝ። አሜን አልኩ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በሳምንቱ ነርሷ የማተሚያ ቤት አራሚ መሆኔን ሰምታ ኖሮ፣ ፊደሉን እይልን ብላ ሪፖርቱን ላከችልኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሥራ አንድ ግድፈት አገኘሁ። አራተኛው ገጽ ላይ «ሕመምተኞችም ዕድሜን ከድካም አስቀድመዋል» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የፊደል ስህተት የለበትም። አራት ነጥቡ እንኳ ቦታው ላይ ነው። መልሼ ላክሁላት።

እንግዲህ ያንን ዝርዝር ይዞ የሚነሳ አጥኚ፣ ከማሽን ወርዳ ግድግዳ ይዛ የምትሄድ ሴት ሲያገኝ «ደክሞሻል ወይ?» የማለት ግዴታ የለበትም። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ያውም በአንቺ ቀለም።

ይቅር በይኝ፣ እትዬ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ያበላሸውን ያቅና ብለሽ ነው ያሳደግሽኝ፤ ለነርሷም እውነቱን እጽፍላታለሁ፤ «ክብርት» ልበላት ወይስ «እህቴ» የሚለው ነው የቸገረኝ፣ ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ። የቅዳሜው ጉዳይ ግን ያንቺ ነው። ክንዱም ያንቺ፣ ድካሙም ያንቺ፣ ዕድሜውም ያንቺ፤ እኔን ማማከር አያስፈልግሽም። ለሐኪሙ ሁለት ቀን በቃኝ ብትይው ከጎንሽ ቆሜ አዎ እላለሁ። ድምፄ ቢቀጥንም እላለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ዕድሜን ያስቀደምኩት እኔ አይደለሁም፤ ምርቃቱ ሲወርድ ሲዋረድ እንዲሁ ሆኖ ነው የደረሰን። ጉልበትሽን ይመልስልሽ፤ መቀሱ እጅሽ ላይ ይቅለልሽ፤ የጀመርሽውን ለመጨረስ ያብቃሽ።

የላክሽው ቦታ ያልደረሰው
ታናሽ ወንድምሽ

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ ወደ እጥበት የሚያመላልስሽ ሾፌር ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሞተሩን እንዳያጠፋ ነግሬዋለሁ፤ ሂድ ካልሽው ባዶውን ይመለሳል።