የአያ ደሴ ተራ

ማክሰኞ

የአያ ደሴ መልእክት ዝርዝሩ ውስጥ ዛሬም የለም። ኮዱን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስሕተት የሚባል አላገኘሁበትም።

ኮዱ የበቅሎ ነጂዎች ማኅበር ለሙከራ የተቀበለኝ የስልክ ተራ ማስያዣ ነው፤ ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው በሚችል ነፃ የመልእክት መተግበሪያ ላይ የሠራሁት። ነጂው ቱሪስት አድርሶ ተራራው ላይ ካለው የጨነቅ ካምፕ ሲመለስ «ደባርቅ ገብቻለሁ» ብሎ ይልካል፣ ስሙ ተራው ውስጥ ይገባል። አያ ደሴ «ሁለት ጊዜ ልኬ ተዘለልኩ» አሉ። ሊቀመንበሩ ሲጠይቀኝ ዝርዝሩን አየሁና «ምንም አልደረሰም» አልኩ። ያልላኩትን ላክሁ ብለው የሰው ተራ ሊወስዱ ነው ተባለና ለአንድ ወር ታገዱ። ስድሳ ያለፋቸው ሰው በኔ ቃል ውሸታም ሆኑ።

ረቡዕ

የሞከርኩት፦ በኔ ስልክ፣ ይደርሳል። በወንድሜ ስልክ፣ ይደርሳል። ኔትወርክ አጥፍቼ አብርቼ፣ ይደርሳል። በሚኒባስ ዳባት ድረስ ሄጄ ከዚያ ላክሁ። እሱም ደረሰ፣ የተረገመው።

ለመተግበሪያው ዋና አዘጋጆች ጻፍኩ። አንዱ «ተጠቃሚው አልላከው ይሆናል» ብሎ መለሰ። እሱስ አያ ደሴን አያውቃቸው። ማኅበሩ «ይቺ ልጅ ምን ታውቃለች» ሲል «እስቲ ትሞክረው» ብለው የተነሡልኝ እሳቸው ነበሩ።

ሐሙስ

ጨው ሊገዙ አባቴ ሱቅ መጡ። ከላፕቶፔ ቀና ማለት አፈርኩ። አባቴ «ሥራ እንዴት ይዞዎታል?» አላቸው።

«ተመስገን፣ በቅሎዎቹ ዐርፈዋል» አሉ።

ኪሳቸውን ሲፈትሹ ስልካቸውን ከአባቴ ስልክ ጎን አስቀመጡት። ሁለቱም 4፡20 ይላሉ። የኔ ላፕቶፕ 10፡20።

እንደ አባቴ የስልካቸውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሞልተውታል። ስለዚህ የሚልኩት ሁሉ ስድስት ሰዓት ቀድሞ የተጻፈ ይመስላል። ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ መልእክት ይጣል ብዬ ያዘዝኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ተራራ ላይ ኔትወርክ አጥቶ የዘገየ መልእክት ተራውን እንዳያምሰው ብዬ። የወጣቶቹ ስልክ ሰዓቱን ከኔትወርክ ስለሚወስድ እነሱን አልነካቸውም። አባቴ የስልኩን ሰዓት እንዲህ ሲሞላ እያየሁ ያደግኩ ልጅ፣ እንዴት ይህ ይጠፋኛል?

ልናገር አፌን ስከፍት ጨዉን ይዘው ወጡ። ተከትዬም አልሮጥኩ። ፈሪ ነኝ።

ዓርብ

ተስተካከለ። አሁን ስልኩ ሲገናኝ ሰዓቱ ከሰርቨሩ ጋር ይመሳከራል፣ ልዩነቱም ይታረማል። ጥቂት መስመር ብቻ። ለዋናዎቹ አዘጋጆችም ላክሁት።

አባቴ ከጁምዓ ሲመለስ ነገርኩት። «ኮምፒውተሩንማ አስተካከልሽ፤ ሰውየውንስ?» አለኝ። ነገ ማኅበሩ ይሰበሰባል።

ቅዳሜ

በሁሉም ፊት ቆምኩ። «አያ ደሴ ልከዋል። መልእክታቸውን የጣልኩባቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ምክንያቱን ሳስረዳ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

ሊቀመንበሩ እገዳውን አነሣ፣ የሰኞውንም ተራ ሰጣቸው። የኔንም ሙከራ አስቆመ፤ ወደ ድሮው የወረቀት መዝገብ ተመልሰዋል። አልተከራከርኩም።

አያ ደሴ ሲወጡ አጠገቤ ቆሙ።

«ሐያቴ፣ ልኬአለሁ ስልሽ፣ ምነው ስልክዎን አሳዩኝ አላልሽ?»

ዳባት ድረስ ሄጄ ሞክሬ፣ እዚሁ ሰፈራችን ያሉትን ሰው ስልካቸውን ግን አልጠየቅሁም። እውነቱ እኔም አላመንኳቸውም ነበር። እሳቸው ወደ በቅሎዎቻቸው ሄዱ።