«የታፈነ ቁጣና መድኃኒቱ» ለተባለው መጽሐፍ ደራሲ ከአምቦ አንባቢዎች የቀረበ አስተያየት

ሀገረ ሕይወት (አምቦ)፣ ኅዳር ፳ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሥዩም እንግዳወርቅ
የጠባይ ትምህርት ተቆጣጣሪና የመጽሐፍ ደራሲ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነሥቼ አቀርባለሁ። ጤናዎንም ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ቁጣውን በሆዱ የማያምቅ ሰው ራስ ምታትም ሆነ የጨጓራ ሕመም እንደማይነካው ራስዎ ጽፈው ስላስነበቡን፣ ጤናዎን መጠየቅ መጽሐፍዎን መጠራጠር እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ተውኩት። እኛ የተፈነከትነውም ያልተፈነከትነውም ለጊዜው በሕይወት አለን።

እኔ አመለሸጋ ተድላ እባላለሁ፤ ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ልብስ ሰፊ ነኝ። በመጽሐፍዎ የመጨረሻ ገጽ ላይ «አንባቢ ሁሉ አስተያየቱን ያለ ይሉኝታ ይግለጥልኝ» ብለው ስለለመኑን፣ ከእኛ ከተማ መልስ ሳይደርስዎ ቢቀር ነውር ነው ብዬ ብዕር አነሣሁ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም መጽሐፉ በየእሑዱ ሠራተኛውና ነጋዴው በትእዛዝ እየተሰበሰበ በአዳራሽ የተነበበ ስለሆነ፣ ምስጋናውም በአደባባይ እንዲሆን ብዬ ነው።

፩ኛ. ስለ አጻጻፍዎ። አማርኛዎ ያማረ ነው፤ ይህን የሚክድ አንባቢ አላጋጠመኝም። የውጭ አገር የነርቭ ሊቃውንት አረጋገጡት ያሉንንም ነገር፣ ሊቃውንቱ እነማን እንደሆኑና ማንን መርምረው እንደደረሱበት ባይነግሩንም፣ አንድ ሰው እንኳ እጁን አውጥቶ ሳይጠይቅ አምነን ተቀበልን። ተቆጣጣሪው የጻፈውን የሚጠራጠር ሠራተኛ ዕድገቱ የት እንደሚቀር ያውቃልና።

፪ኛ. ስለ ልምምዱ። «ትራስ ምታ፤ ትራስ ባይበቃህ ግድግዳ ምታ» ያሉትን አንባቢዎችዎ በትጋት ፈጽመዋል። ጎረቤቴ መምህር ይገዙ ድምፁ ከአጥር የማያልፍ ሰው ነበር። ትራሱን ሲደበድብ ሰነበተ፤ ቀጥሎ ግድግዳውን ያዘ፤ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነም ተሸነቆረ፤ ከግድግዳው ቀጥላ የቆመችው ሚስቱ ነበረች። ወጌሻው የተሰበረ ክንዷን ሲያስር ትከሻዋን የያዝኩት እኔ ነኝ። እርሷ ማንበብ ስለማትችል አስተያየቷን በጽሑፍ ልትልክልዎ አልቻለችም፤ ሰፈሩ ግን በጆሮው ሰምቶታል።

፫ኛ. ስለ ምዕራፍ ሦስት። «አማላጅ የቁጣህ ሌባ ነው፤ በርህን ዝጋበት» ይላሉ። እርስዎ ባደጉበት አገር ሰው እንዴት እንደሚታረቅ አላውቅም። በእኛ በኩል ግን በተበደለ ሰው ደጅ ሽማግሌዎች ለምለም ሣር ይዘው በማለዳ ይቆማሉ፤ የተቆጣውም ሰው ዕርቁን ለሌላ ጊዜ ቢቀጥር እንኳ ሣሩን ይቀበላል። ሣር የያዘ ሽማግሌን የመታ ሰው በዚህ አገር አይታወቅም ነበር። ለዚህ አዲስ ሥልጣኔ ያበቁን እርስዎ ነዎትና ምስጋናችን ይድረስዎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ተሻለ ጋሪ ነጂ ነው፤ ከጭልሞ ጫካ ግንድ እያስመጣ የሚሸጠው ቱፋ ባይሳ ደግሞ የልብ ወዳጁ ነበር። በመስከረም የወንድሜ ፈረስ የቱፋን በቅሎ ረግጦ እግሯን አቆሰላት። ቱፋ ተናደደ፤ ቢናደድም እውነት አለው። ኦቦ ጉዩ የተባሉት የሰፈራችን ሽማግሌ ባልደረቦቻቸውን አስከትለው፣ እንደ ወጉ ሣር ይዘው ደጁ ቆሙ። ቱፋ ከዚህ በፊት ዕርቅ ላይ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ምዕራፍ ሦስትን ከአዳራሽ በቃሉ አጥንቶ መጥቷልና ሌቦች ብሎ ሰደባቸው። ኦቦ ጉዩ «ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ሣሩን እንኳ ተቀበለኝ» ቢሉት፣ ከእጃቸው ነጥቆ ረገጠው፤ እርሳቸውንም በዱላ ግንባራቸውን ፈነከታቸው።

፬ኛ. ስለ ወንድሜ ዓይን። ቱፋ ከዚያ መጥረቢያውን ይዞ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት መጣ። ተሻለ ፈረሱን ከጋሪው ጋር ሲጠምድ አገኘውና በመጥረቢያው ጀርባ ፊቱን መታው። በስለቱ አልመታውም፤ መጽሐፍዎ ስለ ስለት ሳያነሣ በማለፉ በቤተሰባችን ስም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ደም በአፍና በአፍንጫው እየወረደ ከጋሪው ሥር ወደቀ፤ ቱፋም የጎድን አጥንቱን ይረግጠው ነበር። እኔ ከስፌቴ ተነሥቼ ሮጥኩ፤ መቀሱ በእጄ እንዳለ ያወቅሁት ቱፋ ወደ ኋላው ሲሸሽ ነው። የወንድሜ ግራ ዓይን እዚያው ፈሰሰ። የበቅሎዋ እግር ድኗል።

፭ኛ. ተስፋ ስለሰጡን ጤና። ቱፋ ቁጣውን እስከ መጨረሻው ጠብታ አውጥቶታል፤ በዋስ ከተለቀቀ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለውም፣ እህልም አይወርድለትም፤ እያለቀሰ ሽማግሌ የሚልከው አሁን እርሱ ነው። ኦቦ ጉዩ ጭንቅላታቸውን በሻሽ እንደጠቀለሉ ያንኑ ሣር ይዘው በእኛ ደጅ ቆሙ። ወንድሜ በሩን ዘጋባቸው። በቀረችው ዓይኑ መጽሐፍዎን እያነበበ ነው። ያነብብና ገጀራ ይስላል፤ ይስልና ያነብባል። እንዲህ ያለ ትጉህ አንባቢ በማግኘትዎ እንኳን ደስ ያለዎ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ መቀለድ አልቻልኩም። ከተሻለ በቀር ወንድም የለኝም። ቱፋን ከገደለው ይሰቀላል፤ የቱፋ ወንድሞችም ደሙን ከቤታችን ይፈልጋሉ። ስለዚህ የምለምንዎ፣ በመጪው እሑድ ሕዝቡን እንደ ልማድዎ በትእዛዝ ሰብስበው፣ ምዕራፍ ሦስት ውሸት እንደሆነ በራስዎ አፍ እንዲናገሩ ነው። ከዚያም ለምለም ሣር ይዘው ከሽማግሌዎቹ ጋር ወንድሜ ደጅ ይቁሙ። ከኋላ ሳይሆን ከፊት ይቁሙ፤ ኦቦ ጉዩ ተራቸውን ተመትተዋል።

ዕውቀትዎ ይብዛ፣ ብዕርዎ ይረፍ፣ ግንባርዎ እንዳማረበት ይቆይ እያልኩ፣ በትእዛዝዎ ተሰብስበው፣ በምክርዎ ተደባድበው፣ በየቤታቸው ቁስላቸውን በሚያጥቡት አንባቢዎችዎ ስም ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

አመለሸጋ ተድላ
ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ፈርሜ ላሽገው ስል ወንድሜ ምዕራፍ ስምንትን ጨረሰ። «የመታህን ተወው፤ ወደ ቁጣህ ምንጭ ሂድ» የሚለው ትምህርትዎ ልቡን ስለነካው፣ ሐሳቡን ከቱፋ ላይ ፈጽሞ አንሥቷል። ቤትዎ የት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔ አልነገርኩትም። ሆኖም ፎቶግራፍዎና አድራሻዎ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ በጉልህ ታትመዋል፤ ሐኪሙም የቀረችው ዓይን ፍጹም ጤነኛ ናት ብሎናል።