ቅዳሜ ጠዋት ቤት ትኖራለህ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
ግራዝ

የጠዋቱ ገበያ፦ ሁለት የንባብ መነጽር፣ አንድ የፀሐይ፣ አንድ የልጅ ፍሬም። ጥገና፣ ብሎናቸው የላላ ሁለት። አንዲት የስድስት ኪሎ ተማሪ መደርደሪያውን ግማሽ ያህል አስወርዳ ሞክራ ሞክራ፣ «ከጓደኛዬ ጋር እመለሳለሁ» ብላ ወጥታለች። አትመለስም።

ለውድ እናቴ፣

ጠዋቱን ሳልነግርሽ ሰላምታ እንደማትቀበዪኝ ስለማውቅ ገበያውን አስቀድሜዋለሁ። ስደውል «ጤናውን እንደርስበታለን፤ ጠዋቱ እንዴት ዋለ?» ነበር የምትዪኝ። አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የኅዳር ብርድ በረታብሽ ወይስ ተሻለሽ? እኔ ክብር ምስጋና ለእሱ ይሁንና ጤናዬ ደህና ነው። ምራትሽ ናዝራዊትም ደህና ናት። ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል።

ስልክሽ ዝግ ስለሆነ ነው በወረቀት የምጽፍልሽ። ሊያን ስጠይቃት፣ «እማዬ ጠበል ገብታለች፤ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም» አለችኝ። «እሺ» አልኳት።

ስለዚህ ከተማ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። በጠየቅሽኝ ቁጥር «ጥሩ ነው» እያልኩ አልፌሻለሁ። ትንሽም ትልቅም ያልሆነ ከተማ ነው። መሃሉን ወንዝ ያቋርጠዋል፤ ትራም አለው፤ አናቱ ላይ የሰዓት ማማ የቆመበት ኮረብታ አለ። ሰዉ ክፉ አይደለም፣ አያውቀኝም እንጂ። ከቤት ውጭ የማነጋግረው ዳቦ ሻጩን ብቻ ነው፤ እሱንም በጣቴ እያሳየሁ። በዚህ ኅዳር ወር ጭጋጉ ከወንዙ ይነሳና መስኮቴ ላይ ይለጠፋል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲል ይጨልማል። ናዝራዊት ዩኒቨርሲቲ ትውላለች፤ እኔ ቤት እውላለሁ። ጎረቤቶቻችን ሥራ ፈት ነው የሚሉኝ ይመስለኛል። ፒያሳ ሱቅ እንዳለኝና በየቀኑ እዚያ እንደምውል ለማን አስረዳለሁ?

ሊያ በሦስት ሰዓት ሱቁን ስትከፍት እዚህ አንድ ሰዓት ነው፤ ገና በደንብ አልነጋም። ሸሚዜን ለብሼ፣ ከወገቤ በታች የሌሊት ልብሴን እንደለበስኩ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ እቀመጣለሁ። እሷ በቪዲዮ ትደውልልኝና ስልኩን ባንኮኒው ላይ ማቆሚያው ላይ ታደርገዋለች፤ ደንበኛው ከፊቱ ይቀመጣል፤ እኔ ፊቱን አያለሁ። «ሊያ፣ ጥቁሩን ተዪው፣ ፊቱን ይበላበታል። ከሁለተኛው መደርደሪያ ቡናማውን አምጪለት» እላለሁ። ከአንቺ የተማርኩት ሥራ ከዚህ ድረስም ይሠራል። ስም እንኳ ወጥቶልኛል፤ «ጋሼ ስክሪን» ይሉኛል። ባለፈው ወር አንድ የአራዳ ልጅ ዋጋ አልቀንስልህ ስለው፣ «እስቲ ከስልኩ ውጣና ፊት ለፊት እንነጋገር» አለኝ። ሊያም ቀበል አድርጋ፣ «እሱ የሚቀንሰው ኔትወርክ ሲቆራረጥ ብቻ ነው፤ መስመሩ እስኪበላሽ ጠብቅ» አለችው። አንቺ ከጥግ ወንበርሽ ላይ ሆነሽ የሳቅሽው ሳቅ እዚህ ድረስ ተሰምቶኛል።

የመጨረሻው ሳቅሽ እሱ ነው።

ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ ብለሽ ከሱቅ ቀረሽ። ድምፅሽ አላማረኝም። «ልምጣ?» ስልሽ ተቆጣሽ፤ «ወረቀትህን ጥለህ? ምን ሆኜ!» አልሽኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ ለእድሳት ገብቷል፤ ካርዱ ሳይመጣ ከወጣሁ መመለስ አልችልም። ሒሳቡን ሠራሁ፤ ልክ ነበርሽ። አሁንም ደጋግሜ ስሠራው ልክ ነው የሚመጣው። ልክ መሆኑ ምንም አላደረገልኝም።

ባለፈው ሳምንት ሱቁ ለሦስት ቀን አልተከፈተም። ሊያ፣ «መንገዱን ስለሚቆፍሩ መብራት ጠፍቷል» አለችኝ። ነጋዴ ነኝና ሌላ ሰው ጠየቅሁ። ከጎናችን ሰዓት ለሚጠግነው ለአቡበከር ደወልኩ።

«መብራት መጣላችሁ?» አልኩት።

«የምን መብ...» ብሎ ጀመረ። ከዚያ፣ «አዎ፣ አዎ፣ ጠፍቷል። እንደጠፋ ነው» አለኝ።

ከኋላው ሬዲዮው ሲዘፍን ይሰማኛል።

አቡበከርን ታውቂዋለሽ። ባገኘኝ ቁጥር፣ «አንተ የድንች አገር ሰው፣ እውነት ወፍረህ ነው ወይስ ስክሪኑ ነው የሚያወፍርህ?» የሚለኝ ሰው ነው። የዚያን ዕለት ግን፣ «በርታ እሺ፣ ወንድሜ። አላህ ያበርታህ» ብሎ ዘጋው። እስከዛሬ ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም። ስድቡን ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም።

ሰኞ ሱቁ ተከፈተ። ስልኩ ግን ወደ ደንበኛው ወንበር ብቻ ዞሯል፤ ሊያ አትታይም፣ ድምፅዋ ብቻ ነው የሚመጣው። «ምነው?» አልኳት። «ማቆሚያው ስለተሰበረ ነው፣ በሣጥን ደግፌው» አለችኝ። ድምፅዋ የጎረነነ ነው፤ ጉንፋን ነው አለችኝ።

ምስኪን እህቴ፣ ስልኩን አዞረችና መስታወቱን ረሳችው። በመነጽር ቤት ውስጥ ምን መደበቂያ አለ? በየግድግዳው መስታወት ያሰቀልሽው አንቺ ነሽ። ከደንበኛው ትከሻ በላይ ባለው ትልቁ መስታወት ውስጥ ወለል ብላ ታየችኝ። ቀሚሷ ጥቁር ነው። ሻሿ ጥቁር ነው። ከኋላዋ ጥግ ላይ ያለው ወንበርሽም ታየኝ፤ የፍሬም ካርቶን ተደርድሮበታል። ጠበል በገባ ሰው ወንበር ላይ ካርቶን አይደረደርም።

ደንበኛው ሁለት ፍሬም ይዞ፣ «ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል?» አለኝ።

«ቀጭኑ» አልኩት።

ገዛው። ከዚያ በኋላም ሌሎች መጡ፤ ለእነሱም መረጥኩላቸው። ምን ላድርግ? ዝም ብል ሊያ ታውቅብኛለች። ካወቀች ደግሞ እዚያው ባንኮኒው ላይ፣ ሰው ፊት፣ ብቻዋን ልትነግረኝ ነው። ያንን አንቺም አትወጂውም።

እሪ በከንቱ፣ ሰፈራችን ውስጥ መርዶ ሲኖር ማን ይጠራ እንደነበር አልረሳሁም። ጎሕ ሲቀድ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ሁለት ሦስት ጎረቤት አስከትለሽ የምትወጪው አንቺ ነበርሽ። የጋሽ እምሩን መርዶ ለእትዬ አዳነች የገዛ ልጃቸው በስልክ ነግሯቸው ደረጃው ላይ በወደቁ ጊዜ፣ ልጁን ሰብስበሽ ይዘሽ፣ «ሰው በቆመበት ይነገረዋል? መጀመሪያ የሚይዘው እጅ ይዘጋጅ፣ ከዚያ አፍ ይከፈት!» አልሽው። ያን ቁጣሽን ስለማስታውስ ነው እህቴን የማልጠይቃት። የሚይዙኝን እጆች እየፈለገች እንደሆነ ይገባኛል። እዚህ ከተማ ውስጥ ሐበሻ በየበሩ የለም። ከሌላ ከተማ ተለምኖ፣ ባቡር ተሳፍሮ መምጣት አለበት። ለዚያ ደግሞ ቀን መመረጥ አለበት።

ናዝራዊት ታውቃለች። ሰኞ ማታ ስልኳን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ቧንቧውን ከፈተችው፤ ውሃው ብዙ ፈሰሰ። ስትወጣ ፊቷን ታጥባለች፤ ዓይኗ ግን አልታጠበም። ማክሰኞ ከዩኒቨርሲቲ ቀርታ የሽምብራ ዓሣ ሠራችልኝ። ጾሙ ገና መግባቱ ነው፤ እንዲህ የሚያደክም ምግብ በሥራ ቀን ሠርታ አታውቅም። እያየችኝ «ጣፈጠህ?» አለችኝ። «በጣም» አልኳት። ጨው አልነበረውም። ጨርሼ በላሁት።

እንዲህ ነው የምንኖረው። እሷ እንዳላውቅ ትጠነቀቃለች፤ እኔ ማወቄን እንዳታውቅ እጠነቀቃለሁ። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አንዳችን ከአንዳችን ተሸሽገን እንውላለን። እሷስ ቧንቧ ከፍታ ታለቅሳለች። እኔ ገና አልጀመርኩም። አንዳንዴ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጥኩ ስሜን እረሳለሁ። «ጋሼ ስክሪን» ሲሉኝ ነው አቤት የምለው።

ትናንት ቪየና ያለው የናዝራዊት ዘመድ ኃይለማርያም ደወለልኝ። ከዓመት በዓል ውጪ ደውሎ አያውቅም። ስለ ብርዱ አወራን፤ ስለ ሥራው አወራን። ከዚያ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ቤት ትኖራለህ?» አለኝ።

«የት እሄዳለሁ?» አልኩት።

«አይ፣ እንዲሁ... በዚያ የማልፍበት ጉዳይ ስላለኝ ነው። ምናልባት ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ብቅ እል ይሆናል። በጠዋት ነው ታዲያ፣ ምንም እንዳታዘጋጁ።»

ቪየናና ግራዝ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ይራራቃሉ። በዚያ ጠዋት እንዲሁ የሚያልፍ ሰው የለም። የመጀመሪያውን ባቡር ሊይዙ ነው ማለት ነው፤ ለዚያ በሌሊት ይነሳሉ። ሐሙስና ዓርብ ሰው ሁሉ ሥራ አለው፤ ፈረቃ የሚያስቀይርም አልተገኘ ይሆናል። ስለዚህ ቅዳሜ ሆነ። አልቀየምኳቸውም። እኔም ብሆን ቅዳሜን ነበር የምመርጠው።

እስከ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ ጠበል ነሽ። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፍልሽ። ከቅዳሜ በኋላ ለአንቺ መጻፍ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ናዝራዊትም ብታየኝ ወረቀቱን ትነጥቀኛለች። ዛሬ ግን ልጅ ለእናቱ ቢጽፍ ማንም ምንም አይለውም።

ያሰብኩትን ልንገርሽ። የሚነግሩኝን እንዳላወቀ ሰው ሆኜ በሩን እከፍታለሁ። ኃይለማርያም ጉሮሮውን ሲጠርግ አላቋርጠውም። ከየመንደራቸው ተነስተው ለመጡ ሰዎች፣ «አውቄያለሁ» ማለት ድካማቸውን መመለስ ነው። ሥራቸውን ይሥሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ወደ ቤት እንዳልመጣ ወረቀቱ አለ፤ ወረቀቱ ሲመጣም የምደርሰው ካለቀ በኋላ ነው። ከሁሉ በኋላ ደግሞ ሰኞ አለ። ሊያ ሱቁን ትከፍታለች፤ እኔም ሸሚዜን ለብሼ እቀመጣለሁ። ለሰው ፊት መነጽር እመርጣለሁ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለም፤ ይህን ለምን እንደምሠራው ግን ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እየጠፋኝ ነው።

ምርቃት የአንቺ ነበር፤ እኔ አሜን ነበር የምለው። ዛሬ ተገላቢጦሽ ይሁንና እኔው ልበልሽ። ያለሽበት አይበርድሽ። ደረጃ አይኑርበት፣ ጉልበትሽን አይፈትንሽ። እመብርሃን በደጇ ታሳርፍሽ። ስትገቢ በእጅሽ ይዞ የሚያስገባሽ አይጥፋ።

በጣም የሚወድሽ፣
የበኩር ልጅሽ

የነገ ሥራ፦ ከታች ፎቅ ወደሚኖሩት ሴትዮ መውረድ። ቅዳሜ ጠዋት ከቤታችን ጩኸት ቢሰሙ ፖሊስ እንዳይጠሩ፣ ጠብ እንዳልሆነ፣ በስልኬ በጀርመንኛ አስተርጉሞ ማሳየት። አራት ወንበር መዋስ። ናዝራዊት እንዳታይ እስከ ቅዳሜ ምድር ቤት ማስቀመጥ።